ጎማ ከመንፋት በፊት መሬቱን ማየት

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ከፍራንክፈርት፣ ከኮሎኝ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከፍቼ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ግራቭል ብስክሌት ነው፤ መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ሰፊ የሆነ፣ ለኮረኮንችና ለእርሻ መንገድ የተሠራ ብስክሌት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በሴፕቴምበር መጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ከማይንትስ ተነስተን፣ በወይን እርሻው መሀል አቋርጠን የራይን ወንዝን ገደል ማየት እንፈልጋለን። ያለን ሁለት ቀን ነው። ባለፈው ስንሞክር የስልካችን ካርታ ደረጃ ላይ አድርሶን ብስክሌታችንን ተሸክመን ወጣን። ምን እናድርግ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ደረጃው ላይ ያደረሳችሁ ካርታው የእግረኛ መንገድ ስለመረጠ ነው። በወንዙ ቀኝ በኩል ራይንሽታይግ፣ በግራው ደግሞ ራይንቡርገንቬግ የሚባሉ ምልክት የተደረገባቸው የእግር ጉዞ መንገዶች አሉ። በካርታ ላይ ሲታዩ ያማልላሉ፤ ሲደርሱባቸው ግን ደረጃና አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ዓለታማ ጠርዝ ይበዛባቸዋል። ለእናንተ የሚሆኑት የእርሻና የደን ተሽከርካሪ የሚሄድባቸው መንገዶች ናቸው። መስመሩን ስታወጡ ትራክተር ማለፍ የማይችልበት ቦታ ካለ ሰርዙት።

የመጀመሪያው ቀን ከማይንትስ ቢንገን ነው። ወንዝ ወንዙን ብትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በራይንሄሰን ኮረብቶች በኩል ስትዞሩ ግን ከ50 እስከ 60 ይደርሳል፤ መዞሩ ግን ያዋጣል። ራይንሄሰን በጀርመን ትልቁ የወይን አምራች አካባቢ ነው። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን ብዙ ነው። ደን ስለሌለ ጥላ የለም፤ ነፋሱም የሚከለክለው አያገኝም። ኢንግልሃይም ላይ አርፋችሁ ውኃ ሙሉ።

በወይን እርሻ ውስጥ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙው መንገድ መውጫ የለውም። ትራክተር ደርሶ የሚዞርበት ሜዳ ላይ ያበቃና ከታች ሁለት መቶ ሜትር ላይ ሌላው መንገድ ይታያችኋል። በወይኑ ረድፍ መሀል ሰንጥቃችሁ እንዳትወርዱ፤ የሰው ማሳ ነው፣ የተወጠረው ሽቦም በጥላ ውስጥ አይታይም። ሁለተኛ፣ በቁልቁለቱ ላይ የዝናብ ውኃ ወደ ጎን የሚያወጡ ቦዮች መንገዱን በአግድም ይሰነጥቁታል። ቀጥ ብላችሁ፣ ከኮርቻው ብድግ ብላችሁ እለፏቸው፤ በሰያፍ ከገባችሁ የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ይቀራል።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የወይን ለቀማ ወቅት ነው። ትራክተሩ ቅድሚያ አለው፣ የተዘጋ መንገድም ልታገኙ ትችላላችሁ። ድንገት እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ወፍ የሚያባርር የጋዝ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ቀን ገደሉ ነው። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወንዙ ከባህር ጠለል በላይ ከ60 እስከ 80 ሜትር ላይ ነው የሚፈሰው፤ ከላይ ያለው ደጋ 400 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከወንዙ በአንድ ጎን ሸለቆ ገብታችሁ በወጣችሁ ቁጥር እስከ 300 ሜትር ትወጣላችሁ። በቀን ሁለቴ በቂ ነው። ከባካራህ ወጥታችሁ በደኑ አድርጋችሁ ሳንክት ጎዋር ብትወርዱ፣ ከዚያ በጀልባ ተሻግራችሁ ወደ ሎሬላይ አናት ብትወጡ የሸለቆውን ጠባብ ክፍል ከሁለቱም ወገን አያችሁት ማለት ነው። ማርሻችሁ ከፊት 40 ጥርስ ከሆነ ከኋላ ትልቁ 42 ወይም 44 ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ትወጣላችሁ።

ከማይንትስና ከቪስባደን በኋላ እስከ ኮብሌንዝ ድረስ ድልድይ የለም። መሻገሪያው ጀልባ ነው፦ ቢንገን፣ ኒደርሃይምባህ፣ ካውብ፣ ሳንክት ጎዋር፣ ቦፓርድ ላይ አለ። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ጠዋት ላይ አረጋግጡ። ከደከማችሁ በሁለቱም ዳርቻ ባቡር አለ፤ በራይንላንድ ፋልዝ የክልል ባቡሮች ብስክሌት በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 9:00 ጀምሮ (በኛ አቆጣጠር 3:00)፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በነፃ ይጫናል። ወይን መቅመስ ካሰባችሁ ከጉዞው በኋላ አድርጉት። በጀርመን ሕግ ብስክሌት ነጂ በደሙ ውስጥ 1.6 ፕሮሚል (ከሺህ 1.6 እጅ) አልኮል ከተገኘበት በወንጀል ይጠየቃል፤ አነዳዱ የተዛባ ከሆነ ደግሞ 0.3 ላይም ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ በዚያው በራይን በኩል ሁለቴ ጎማዬ በጎኑ ተቀደደ። ቱብለስ (ያለ ውስጥ ጎማ የሚነፋ) ነው፣ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽም አለው፣ ግን አልደፈነውም። ጎማው 40 ሚሊ ሜትር፣ እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ ሁልጊዜ 4 ባር ነው የምነፋው። (ከኮሎኝ)

መልስ፦ የጎዳዎት ሁለት ነገር ተደርቦ ነው፤ ድንጋዩና የጎማው ንፋስ። በዚያ ሸለቆ ያለው ድንጋይ ጀርመኖቹ ሺፈር የሚሉት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ የሚወጣ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። ሲሰበር ጠርዙ ምላጭ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ ስለሆነም ጎማ አንዱን ጫፍ ሲረግጠው ሌላው ጫፍ ብድግ ብሎ የጎማውን ጎን ይመታል። ጎኑ ደግሞ ከመርገጫው ይልቅ ስስ ነው።

4 ባር ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ እጅግ ብዙ ነው። የተወጠረ ጎማ በድንጋዩ ላይ መተኛት ስለማይችል ይነጥራል፣ ሲነጥር ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ጎኑን ለስለቱ ይሰጣል። በእርስዎ ክብደት በኮረኮንች ላይ ከፊት 2.1፣ ከኋላ 2.3 ባር ይጀምሩ። በዚህ ላይ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከተሰማዎት 0.1 ይጨምሩ፤ ካልተሰማዎት እዚያው ይቆዩ። ከባድ ጓዝ ከጫኑ በየ10 ኪሎው 0.2 ባር ያህል ይጨምሩ። በውስጥ ጎማ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ያክልበት፤ አለበለዚያ ጎማው ከቸርኬው ጋር ሲጋጭ የውስጡ ሁለት ቦታ ይበሳል። በእጅ በመጫን ግምት አይሁን፤ የንፋስ መለኪያ ይግዙ።

ፈሳሹ ለአንድ ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ በየሦስት ወሩ ከፍተው ይዩት። ደርቆ እንደ ላስቲክ ቆዳ ከሆነ የለም ማለት ነው። ደህና ፈሳሽም ቢሆን የእሾህ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ቅዳድ አይዘጋም። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ቀዳዳ በመውጊያ የሚገባውን የላስቲክ ክር ይጠቀሙ።

ጎኑ በረጅሙ ከተቀደደ መንገድ ላይ እንዲህ ይደረጋል። ጎማውን ከቸርኬው በአንድ ወገን ያውጡ፣ የቱብለሱን ቫልቭ ፈተው ያስወግዱ። የጎማውን ውስጥ በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ ፈሳሹ ለወራት የደበቀው እሾህ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ካልወጣ አዲሱን የውስጥ ጎማ ወዲያው ይበሳዋል። በቅዳዱ ላይ ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይደግፉ፤ ከሌለ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ተከፍቶ ይሠራል። ከዚያ የውስጥ ጎማ አስገብተው ከ2.5 ባር ሳያልፉ ይንፉ። ወደ ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ይቀየራል። ሁለተኛው ሲገዛ ጎኑ የተጠናከረ ይሁን፤ ከ50 እስከ 100 ግራም ይከብዳል፣ ለሺፈር አገር ግን ክብደቱ አይቆጭም።

ጥያቄ፦ በቱሉ ቦሎ በኩል ወደ በቾ ሜዳ ስንገባ ዝናብ መታን። መቶ ሜትር ሳንሄድ ጎማው አልዞር አለ፣ ከዚያ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ተገንጥሎ ሽቦዎቹ ውስጥ ገባ። ብስክሌቱ ችግር አለበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብስክሌቱ ደህና ነበር፤ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በጎማው ላይ ተጠቅልሎ ይወጣና በጎማውና በፍሬሙ መሀል ይጠቀጠቃል፤ ጭድና ሣር ሲቀላቀልበት የጭቃ ቤት ግድግዳ ይሆናል። በራይንሄሰን ያለው ሎስ የሚባል ደቃቅ ቢጫ አፈርም ሲርስ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ስለዚህ ከፍራንክፈርት የጻፉልን አንባቢም ይህን ያንብቡት።

መቀየሪያው የተገነጠለው ጭቃው ሰንሰለቱን ሲይዘው እርስዎ በኃይል ስለረገጡ ነው። መቀየሪያው ከፍሬሙ ጋር የሚያያዝበት ትንሽ የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ የሚሠራ ነው፤ እሱ ተሰብሮ ፍሬሙን ያድናል። ለእያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ቅርጽ አለውና የእርስዎን ትርፍ አስቀድመው ገዝተው ኮርቻ ሥር ይያዙ፤ በመንገድ ዳር ሱቅ አይገኝም።

ፔዳሉ በድንገት ከከበደ ወዲያው ያቁሙ። ተጨማሪ አንድ ዙር አይርገጡ። ጭቃውን በእንጨት ከፍሬሙ ሹካዎችና ከማርሹ ላይ ይፋቁ፣ ብስክሌቱን እንደ ፍየል ተሸክመው ወደ ሣር ወይም ወደ ጠጠር ይውጡ። በዋልካ ላይ መግፋት ራሱ ያጠምደዋል። ጎማና ፍሬም መሀል በየጎኑ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰፊ ጎማ በጠባብ ፍሬም ማስገባት ለዚህ አገር አይመከርም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ወቅቱን መምረጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የበቾን ሜዳ ለገበሬው ይተዉለት፤ ከኅዳር በኋላ ያው መሬት እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል።

ሲታጠብ የመኪና ማጠቢያ የግፊት ውኃ አይቅረብበት፤ ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያወጣዋል። ባልዲ፣ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል። ሰንሰለቱ ከደረቀ በኋላ በእያንዳንዱ የሰንሰለቱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ከውጭ ጥርግ አድርገው ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ዝዋይ ባለው የወይን እርሻ ውስጥ መንዳት ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እርሻው ካስቴል የሚባለው ነው፣ የኩባንያ ይዞታ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በአካባቢው ባለው የገጠር ፒስታ ላይ መንዳት ግን ደስ ይላል። መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ከተለመደው 0.2 ባር ቀንሱ፤ የግራር እሾህ ስለሚበዛም ያለ ፈሳሽ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርደን ደጀን ለመውጣት አስበናል። አንዳችን የዲስክ ፍሬን፣ አንዳችን ቸርኬውን የሚይዝ የድሮ ፍሬን አለን። ምን እንጠንቀቅ? (ከፍቼ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። መንገዱ ደህና ካልሆነ ጉዞው ይቆይ።

ወደ ድልድዩ የምትወርዱት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ሰውዬው፣ ብስክሌቱና ጓዙ 85 ኪሎ ቢሆኑ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሙቀት ወይ ወደ ነፋስ ይሄዳል ወይ ወደ ፍሬኑ። ፍሬኑን ሳይለቁ በዝግታ የሚወርድ ሰው ሁሉንም ማለት ይቻላል ለፍሬኑ ይሰጠዋል። የሚሻለው ቀጥታው ላይ መልቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም እጅ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልሶ መልቀቅ ነው።

የዲስኩ የፍሬን ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ ሳትወርዱ ቀይሩት። እጀታው ወደ መሪው እየተጠጋ ከመጣ ፈሳሹ ግሏልና ቁሙ፤ ሩብ ሰዓት ይብረድ። ዲስኩን በጣት አትንኩ፣ ውኃም አታፍስሱበት፤ ይጣመማል። የድሮው ፍሬን ያለው ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የሚግለው ቸርኬው ራሱ ስለሆነ ከውስጥ ያለው ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። በየ4 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ እጁን ወደ ቸርኬው ያስጠጋ፤ ሙቀቱ ሳይነካው ከተሰማው ይጠብቅ።

አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት ምክንያት ሞገድ የሠራበትና የተሰነጠቀ ቦታ አለው፤ ስንጥቁ በጉዞ አቅጣጫ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይይዛል። የከባድ መኪና ፍሬን ሲቃጠል ከሸተታችሁ ዳር ወጥታችሁ አሳልፉት።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የማያቋርጥ ዳገት ነው፤ ከታች ያለው ሙቀትም ከላይ እንዳለው አይደለም። ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ ለመውጫው በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃ ያዙ፣ ትንሽ ጨውም ጣል አድርጉበት። ለምግብ በሰዓት 80 ግራም ያህል በሶ ይበቃል። በጡጦ ብትበጠብጡት አፉን ይደፍነዋል፤ በማር ጭብጦ አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኪስ ውስጥ ያዙት፣ በየ20 ደቂቃው አንድ አንድ ጉርሻ።