ከውጭ የመጣ ስልክ እዚህ ኔትወርክ ይይዛል?

አንባቢ ይጠይቃል

በዓል በቀረበ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ዘመድ ስልክ ልኳል፣ ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ እምቢ ብሏል። ከደረሱን መካከል ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አክስቴ ከአትላንታ የላኩልኝ ሳምሰንግ ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሳስገባ «ሲም ኔትወርክ አንሎክ ፒን» የሚል ሣጥን ይመጣና ቁጥር ይጠይቀኛል። ስልክ ቤት ባሳይ «የአሜሪካ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ እዚህ አይሠራም» አሉኝ። ልሽጠው?

መልስ፦ አይሽጡት። ችግሩ ፍሪኩዌንሲ የሆነ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ሲሙን ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ይቆይና «ኖ ሰርቪስ» ብሎ ይቀመጣል። የእርስዎ ስልክ ግን ማማ ፍለጋ እንኳ ሳይጀምር፣ ሲሙን እንዳየ ነው በሩን የዘጋው። ይህ ሎክ ነው። ሁለቱን ማምታታት በየስልክ ቤቱ የተለመደ ሲሆን፣ ደህና ስልክ በመለዋወጫ ዋጋ የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ስልክ የሚሸጠው በኔትወርክ ድርጅቶቹ በኩል፣ በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ነው። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድርጅቱ ስልኩን ከሌላ ሲም ጋር እንዳይሠራ ይቆልፈዋል። በሕጋዊ መንገድ የሚከፍተውም የቆለፈው ራሱ ነው። ሲሙን አውጥተው *#06# ይደውሉና የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ መለያ ነው) ለአክስትዎ ይላኩ። እሳቸው ስልኩን ለገዙበት ድርጅት የአንሎክ ጥያቄ ያቀርባሉ። ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ ዕዳው ያለቀና ቢያንስ 60 ቀን የሠራ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ቲ-ሞባይል 40 ቀን። በቅድመ ክፍያ የተገዛ ከሆነ ግን መጠበቁ ይረዝማል፦ በኤቲ ኤንድ ቲ ስድስት ወር፣ በቲ-ሞባይል አንድ ዓመት። ቀናቱ የሚቆጠሩት ስልኩ በእነሱ ኔትወርክ ላይ ሲሠራ መሆኑን ልብ ይበሉ። እዚህ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠበት ጊዜ አይታሰብም።

ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ ወይ ኮድ ይላክልዎታል፣ ወይም (በቲ-ሞባይል ሳምሰንጎች እንደሚደረገው) ስልኩን ከዋይፋይ ጋር አገናኝተው በሴቲንግስ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ አንሎክ» የሚለውን ይነካሉ። እስከዚያው በዚያ ሣጥን ውስጥ ቁጥር እየገመቱ አይሞክሩ። የተፈቀደው ሙከራ ካለቀ በኋላ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣም ስልኩ አይቀበለውም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ለገና ሀገር ቤት ስገባ ለወንድሞቼ ሦስት ስልክ ልይዝላቸው ነው። ሱቅ ውስጥ ርካሽ የቅድመ ክፍያ ስልኮች አሉ። የአንዱ መግለጫ ላይ 3ጂ 1700/2100 የሚል አየሁ። ኢትዮጵያም 2100 ነው ሲሉ ስለሰማሁ ይበቃል ብዬ ነው።

መልስ፦ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም በዚችው ቁጥር ነው። ስልክ ከማማ ጋር የሚነጋገረው በሁለት መንገድ ነው፣ አንዱ መላኪያ ሌላው መቀበያ። ለዚህ የተመደበው የሞገድ ክልል ባንድ ይባላል። በኢትዮጵያ ያለው 2100፣ ማለትም ባንድ 1፣ ስልኩ በ1920–1980 ሜጋኸርዝ ልኮ በ2110–2170 የሚቀበልበት ነው። የአሜሪካው ባንድ 4 ግን በ1710–1755 ይልካል፣ በ2110–2155 ይቀበላል። መቀበያው ከእኛ ጋር ስለሚደራረብ 2100 የሚለው ቁጥር መግለጫው ላይ ይታያል፤ መላኪያው ግን ሌላ ስለሆነ ስልኩ ማማውን ቢሰማውም መልስ መስጠት አይችልም። የአሜሪካው 1900ም (ባንድ 2) ለእኛው 1800 ስለቀረበ «ያው ነው» አይባልም። ባንድ 3 ላይ ማማው የሚያሰራጨው በ1805–1880 ሲሆን ባንድ 2 ላይ በ1930–1990 ነው።

ኢትዮጵያ በሞገድ አመዳደብ ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከዓረብ አገሮች ጋር በአንድ ቀጠና ውስጥ ናት፣ አሜሪካ በሌላ። እዚህ 2ጂ በ900 እና በ1800 ይሠራል። የ3ጂ ዋናው 2100 ነው። በኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ ዋናው 1800፣ ማለትም ባንድ 3 ነው። ስለዚህ መግለጫውን ሲያነቡ በ4ጂ ዝርዝር ውስጥ ባንድ 3 ከሌለ ስልኩን ይተዉት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም። በ3ጂ ባንድ 1 እና 8፣ በ2ጂ 900 እና 1800 ይኑሩ። በ4ጂ ላይ 1፣ 7፣ 8 እና 20 ቢጨመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም ሲም መቀየር ቢመጣ ወይም ስልኩ ወደ ዱባይና አውሮፓ ቢሄድ አይቆጭም።

የእርስዎ ርካሽ ስልኮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13፣ 66፣ 71 የሚል ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ዝርዝር ነው። ኤቲ ኤንድ ቲም ቲ-ሞባይልም በ2022 የ3ጂ አገልግሎታቸውን ስለዘጉ ለነሱ ብቻ የሚሠራ ስልክ 3ጂና 2ጂ የመያዝ ግዴታ የለበትም። ውድ የሆኑት አይፎኖችና የሳምሰንግ ኤስ ተከታታዮች ግን የዓለምን ባንድ በሰፊው ስለሚይዙ ከአሜሪካ ቢመጡም እዚህ በሞገድ በኩል አያስቸግሩም። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ከሦስት አዳዲስ ርካሽ ስልኮች ይልቅ ሁለት ያገለገሉ ግን አንሎክ የሆኑ ደህና ሞዴሎች ይሻላሉ፣ ሦስተኛው ወንድም ቢቀየምም።

ሲያጣሩ በንግድ ስሙ ሳይሆን በሞዴል ቁጥሩ ይሁን። አንድ ስም ያለው ስልክ ለየገበያው ልዩ ልዩ ሆኖ ይሠራል። በሳምሰንግ የሞዴሉ የመጨረሻ ፊደል ዩ ከሆነ ለአሜሪካ ኔትወርክ ድርጅቶች፣ ዩ1 ከሆነ በአሜሪካ ያለ ሎክ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ የኮሪያ፣ ቢ ከሆነ ለብዙ አገሮች የተሠራ ነው። በአይፎን ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ «ሞዴል ነምበር» የሚለውን አንዴ ሲነኩት በኤ የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይወጣል፤ የባንዱ ዝርዝር የሚፈለገው በሱ ነው። «5ጂ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ዋጋ አያስጨምርዎ። አሜሪካ ውስጥ ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራው ፈጣኑ 5ጂ እዚህ የሚያገናኘው ማማ የለም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በዱባይ በኩል የመጣ ዩዝድ ስልክ ገዛሁ። ካርቶን የለውም፣ ሲከፈት የጃፓን ጽሑፍ ይታያል። ከተማ ውስጥ ኢንተርኔቱ ቆንጆ ነው። ወደ ገጠር ስወጣ ግን የጓደኞቼ ተራ ስልክ እየሠራ የኔው ድርግም ይላል። አንቴናው ይሆን?

መልስ፦ አንቴናው ላይሆን ይችላል። ጃፓን እኛ የምንጠቀምበት የ2ጂ ዓይነት ኖሯት አያውቅም፤ የራሷ ሌላ 2ጂ ነበራት፣ እሱም ተዘግቷል። በዚህ የተነሳ ለጃፓን ገበያ ብቻ ከተሠሩት አንድሮይዶች አንዳንዶቹ 900 እና 1800 ላይ 2ጂ የላቸውም። ከተማ ውስጥ 3ጂና 4ጂ ስላለ ጉድለቱ አይታይም። ከከተማ ሲወጡ ርቆ የሚደርሰው 900 ነው። ሞገዱ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚረዝም ከ1800ው (17 ሴንቲሜትር ገደማ) ይልቅ ኮረብታና ግድግዳ ይቋቋማል። የጓደኞችዎ ተራ ስልክ የሚይዘው እሱን ነው።

ከተማ ውስጥ ሆነው እንዲህ ይሞክሩት። ሴቲንግስ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ሞድ» ወይም «ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ» የሚለውን ይክፈቱ። «2ጂ ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከጎንዎ የሌላ ሰው ስልክ በዚሁ ሁኔታ ላይ ሆኖ ኔትወርክ ሲይዝ የእርስዎ ካልያዘ፣ ስልኩ 2ጂ የለውም ማለት ይቻላል። ምርጫው የተደበቀ ከሆነ *#*#4636#*#* ሲደውሉ በብዙ አንድሮይዶች «ፎን ኢንፎርሜሽን» የሚል ገጽ ይመጣል፣ እዚያ ውስጥ ያገኙታል። ሲጨርሱ ወደ ነበረበት መመለስ አይርሱ።

ስልኩ በየትኛው ባንድ ላይ እንዳለ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሳምሰንግ ላይ *#0011# ይደወላል (በአሜሪካ ድርጅቶች የተሸጡት ላይ አንዳንዴ የተዘጋ ነው)፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ተጽፎ የመደወያው ቁልፍ ይነካል። 636 01 የሚል ካዩ ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ 636 02 ሳፋሪኮም። «ኢአርኤፍሲኤን» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ ባንድ 3 ላይ ነዎት፣ ከ0 እስከ 599 ከሆነ ባንድ 1፣ ከ6150 እስከ 6449 ከሆነ ባንድ 20። ገጹ በቁጥር የተሞላ ስለሆነ አያስደንግጥዎ፣ ሌላውን ይለፉት።

አንድ ነገር እንጨምር። ስልክዎ በ4ጂ ላይ እያለ ሲደውሉ ምልክቱ ወደ 3ጂ ወይም ወደ «ኢ» ቢወርድ ብልሽት አይደለም። ድምፅን በ4ጂ ማስተላለፍ የስልኩ ሶፍትዌር ኦፕሬተሩን እንዲያውቀው ይጠይቃል። ካላወቀው ለጥሪ ወደ ታች ይወርዳል። ታዲያ ታች 2ጂም 3ጂም የማይገኝ ከሆነ ኢንተርኔት እያለዎት መደወል አይችሉም።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ልገዛ ያሰብኩትን አይፎን ሻጩ «አርሲም ነው፣ ግን ምንም ችግር የለበትም» ይለኛል።

መልስ፦ አርሲም ማለት ከሲሙ ጋር ተደርቦ የሚገባ እንደ ወረቀት የሳሳ ቺፕ ነው። ስልኩን አይከፍተውም፣ ያታልለዋል እንጂ። ሶፍትዌር ሲታደስ ወይም ስልኩ ሪሴት ሲደረግ ማታለሉ ሊከሽፍ ይችላል፣ ያኔ ተመልሰው ስልክ ቤት ነዎት። የሲሙን ማውጫ ይሳቡና ከሲሙ ጋር የተደረበ ነገር መኖሩን ይዩ። ከዚያ በአባውት ገጽ ወደ ታች ወርደው «ኬሪየር ሎክ» የሚለውን ያንብቡ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ነፃ ነው። «ሲም ሎክድ» ካለ በሎክድ ዋጋ ይደራደሩ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ አይፎን 17 ከዚህ ገዝቼ ብገባ ኔትወርኩ ይስማማዋል?

መልስ፦ በሞገዱ በኩል አይቸገሩም። ሳዑዲም እኛም በአንድ ቀጠና ነን። መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኳታር፣ በኩዌት፣ በኦማንና በባሕሬን የሚሸጠው አይፎን 17 የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የተሠራ፣ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚሸጡትም ከአይፎን 14 ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ስለሚሰጥ መሥራቱ አይቀርም፤ ነገር ግን መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል መሄድ አለብዎት። *#06# ሲደውሉ ከአይኤምኢአዩ ጋር የሚወጣውን ባለ 32 አኃዝ ኢአይዲ (የኢሲሙ መለያ ቁጥር) ይያዙ። ኢሲሙ ሲጫን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ የዋይፋይ ቦታም ያስቡ። ባትሪ ሲያልቅ ሲሙን ነቅሎ የጎረቤት ስልክ ላይ መሰካት ግን ከእንግዲህ የለም። ስልኩን ለእናትዎ የሚገዙት ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ከዚያው ሳምሰንግ የሚገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። መጀመሪያ በተሸጠበት ክልል ሲም እንዲከፈት የሚያዝ ከሆነ፣ ከመሳፈርዎ በፊት የሳዑዲ ሲም አስገብተው በድምሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይደውሉበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ባንድ 3 የሌለው ስልክ ላይ «ፍላሽ አድርጌ አስገባልሃለሁ» የሚል ባለሙያ አግኝቻለሁ። 1,500 ብር ጠየቀኝ። ደግሞስ የሌላው ስልኬ ጥሪው እየሠራ ዳታው እምቢ ያለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብሩን አይስጡት። እያንዳንዱ ባንድ በማዘርቦርዱ ላይ የራሱ ማጣሪያና ማጉያ ይፈልጋል። ዕቃው ካልተገጠመበት ሶፍትዌር አይፈጥረውም። ዕቃው ኖሮ በሶፍትዌር የተዘጋበት ስልክ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ሆኖም ያን ለመክፈት ሲነካካ አይኤምኢአዩ ከጠፋ ስልኩ ያለውንም ኔትወርክ ያጣል።

የዳታው ነገር ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ ስልክ የቀድሞውን ኦፕሬተር ኤፒኤን (ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት አድራሻ) ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ኔምስ» የሚለውን ከፍተው አዲስ ይጨምሩ። ስሙ የፈለጉት ይሁን፣ ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ኤፒኤን በሚለው ቦታ ኢቲሲ ነጥብ ኮም ብለው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፉ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይተዉ። ሴቭ አድርገው ይምረጡትና ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።