በለስ እንዲቀናችሁ፦ ስለ ጥቁር በለስ ለጠየቃችሁኝ

በጓሮ ስለሚበቅለው ጥቁር በለስ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ ልወጣቸው። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ። አንዱ ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ስለሆነ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ "የምታወራው ስለ እሾሃሙ በለስ ነው እንዴ?" ብለዋል።

መልስ፦ አይደለም። እሱ የቁልቋል በለስ ነው፤ ዘመድም አይደሉም። የእኔው ሰፊ ቅጠል ያለውና ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣው ዛፍ ነው። ሾላና ዋርካ የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ በለስ ከአረንጓዴው ይጣፍጣል?

መልስ፦ በጥቁረቱ ብቻ፣ አይጣፍጥም። ጥቁረቱ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጣዕሙን የሚወስኑት ዝርያው፣ ፀሐዩና በደንብ መብሰሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት የበለሳቸውን ሦስት ፎቶ ልከዋል። ከጎረቤት በተሰጣቸው ቅርንጫፍ የበቀለ ነው። ልጣጩ ጥቁር፣ ውስጡ ቀይ። አንዱ "ብላክ ሚሽን ነው" አላቸው፣ ሌላው "ብራውን ተርኪ ነው" አላቸው። "ስሙን ንገረኝና ልገላገል" ይላሉ።

መልስ፦ እናቴ፣ በፎቶ ብቻ ስም አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥ ልንገርዎት።

ከዓመታት በፊት "ብላክ ሚሽን" የሚል ወረቀት የተንጠለጠለበት ችግኝ ገዛሁ። አምኜ ተከልኩት። ፍሬውን ሳላይ ቅርንጫፉን እየቆረጥኩ ለአራት ሰዎች አደልኩ። በየፌስታሉ ላይም ስሙን በትልቁ ጻፍኩ። በሦስተኛው ዓመት ፍሬው በሰለ። ትንሽ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ወይን ጠጅ፣ ከሥር ያለችው ትንሿ ቀዳዳ፣ ዓይኑ የምንላት፣ ጥብቅ ብላ የተዘጋች። ብላክ ሚሽን እንዲህ አይደለም። ደውዬ ልነግራቸው ስል ከአራቱ ሁለቱ ለሌላ ሰው አካፍለው ነበር። እነዚያ ሰዎች ዛሬም የእኔን የተሳሳተ ስም እየተጠቀሙ ይሆናል። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ችግሩ ከቀለሙ ይጀምራል። በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ ፀሐይ የመታው ፍሬ ጠቁሮ፣ ቅጠል የጋረደው ገርጥቶ ሊበስል ይችላል። ስሙም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቫዮሌት ደ ቦርዶ የተባለውን በለስ ሌሎች ኔግሮን ይሉታል። በተቃራኒው ደግሞ በእንግሊዝ ብራውን ተርኪ የሚባለውና በካሊፎርኒያ በዚሁ ስም የሚሸጠው ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ስለዚህ "ብራውን ተርኪ ነው" ያለዎት ሰው ልክ ቢሆን እንኳ የቱን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዛፉን ያጥኑት። ከቅጠሉ ይጀምሩ። አንድ ቅጠል አይበቃም፤ አንዱ ዛፍ ሦስት ጣት ያለውም፣ አምስት ጣት ያለውም፣ ጭራሽ ጣት የሌለውም ቅጠል ያወጣል። ከቅርንጫፎች መሃል አሥር ያህል ይልቀሙና አንድ ላይ ዘርግተው ይዩአቸው። ጣቶቹ ስንት ናቸው? ስንጥቁ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይገባል? ከዚያ የበሰለ ፍሬ ይውሰዱና ከአንገቱ እስከ ዓይኑ ለሁለት ይሰንጥቁት። አንገቱ ረጅም ነው ወይስ ጭራሽ የለም? ዓይኑ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ሥጋው ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ሮዝ ነው፣ ወይስ የማር ቀለም አለው? ከቅጠሉ ጎን ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት። የበሰለበትንም ቀን ይጻፉ። አንዳንድ በለስ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ቀደም ብሎ አንድ ዙር ይሰጥና በአዲሱ እንጨት ላይ ደግሞ ዋናውን ምርት ያመጣል። አንዳንዱ ዋናውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ይሄ ከቀለም የበለጠ ይነግርዎታል።

ማመሳከሪያ እንዲሆንዎት ሦስቱን ልግለጽ። ብላክ ሚሽን በ18ኛው መቶ ዘመን ካሊፎርኒያ የገቡ የስፔን ሚሲዮናውያን የተከሉት ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሲበስል ይጠቁራል፣ ልጣጩ ከላይ ወደ ታች ነጫጭ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሥጋው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ በዓመት ሁለት ዙር ያፈራል። ቫዮሌት ደ ቦርዶ ትንሽና ጥቁር ነው፣ ሥጋው እንጆሪ የመሰለ ቀይ፣ የቅጠሉ ጣቶች ቀጫጭንና ስንጥቃቸው ጥልቅ። ሴለስት ደግሞ ትንሽ፣ ቡናማ ወይን ጠጅ፣ ዓይኑ የተዘጋ። የእኔው ችግኝ ወደዚህ ያደላል። ግን ሴለስት ነው ብዬ አልጻፍኩበትም።

ሁለት ሦስት ዓመት ከመዘገቡ በኋላ ስሙ በታወቀ ዛፍ አጠገብ ቢያስተያዩት ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። ቁርጡን ማወቅ ከፈለጉ የዘረመል ምርመራ የሚሠራ ቤተ ሙከራ አለ። እስከዚያው ወረቀቱ ላይ "ስሙ ያልታወቀ ጥቁር በለስ፣ ከጎረቤት የተገኘ" ብለው የተከሉበትን ዓመት ይጻፉ። ቅርንጫፍ ለሚጠይቅዎትም ይህንኑ ጽፈው ይስጡ። እባክዎን፣ በግምት ስም አይስጡ።

ጥያቄ፦ "ዛፌ ሦስት ዓመቱ ነው። ፍሬው አውራ ጣት ያክልና አረንጓዴ እንዳለ ይረግፋል።"

መልስ፦ መጀመሪያ ውኃውን ይመልከቱ። አንድ ሳምንት ደርቆ በሌላው ሳምንት የሚጥለቀለቅ በለስ ፍሬውን ይጥላል። ገና ልጅ የሆነ ዛፍም እንዲሁ። ውኃው የተስተካከለ ሆኖ በየዓመቱ ሁሉም ከረገፈ ግን ሌላ ነገር አለ። ከረገፉት ጥቂቶቹን ሰንጥቀው ይዩ። ውስጣቸው ደረቅና ባዶ ከሆነ ዛፉ ተርብ የሚፈልግ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስሚርና የሚባለው ወገን ከወንዴው በለስ የአበባ ዱቄት የምታመጣለት ትንሽ ተርብ ካላገኘ ፍሬው አይበስልም። ጥቁር መሆኑ ከዚህ አያድንም። የቱርኩ ዝነኛ ጥቁር በለስ ቡርሳ ሲያሂ ራሱ ተርብ ከሚፈልጉት ነው። አካባቢዎ ተርቧ ከሌለች የቱንም ያህል ቢንከባከቡት ያው ነው። ያለ ተርብ የሚያፈራ ዓይነት ይትከሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ እንደዚያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በለስ ስበላ ተርብ እየበላሁ ነው?

መልስ፦ የጓሮ በለስ አብዛኛው ያለ ተርብ የሚያፈራ ነው፤ ስለዚህ የለም። ተርብ የሚገባበት ዓይነትም ቢሆን ፊሲን የተባለው የበለሱ ኢንዛይም ገላዋን ያሟሟዋል። ጥርስዎ ሥር ቅጭ ቅጭ የሚለው ዘሩ ነው። ተረጋግተው ይብሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት በለስ በጠራራ ፀሐይ ሲገርዙ ዋሉ። በማግስቱ ክንዳቸው ቀላ፣ ከዚያ ውኃ ቋጠረ። የሰባት ዓመት ልጃቸውም ቅርንጫፍ ሲሰበስብ ስለነበር አንገቱ ላይ ወጥቶበታል። "አለርጂ ነው? ቅባት ልቀባው?" ይላሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። እርስዎም አብረው ይታዩ። የቤት ቅባት አይሞክሩ፣ የቋጠረውንም አያፍርጡ።

የሆነው ይህ ነው። የበለስ ወተትና ቅጠል ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ ካረፉ በኋላ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰው ከበለሱ ጋር አያያይዘውም። ጠባሳ የመሰለው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል። የተጎዳውን ቆዳ ከፀሐይ ይጋርዱ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሱ ታጥበው በቀጥታ ወደ ሕክምና ነው መሄድ።

ከእንግዲህ ሲገርዙ ጓንት ያድርጉ፣ እጅጌዎ ረጅም ይሁን፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ይሥሩ። ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ልጆች ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይራቁ።

ጥያቄ፦ ከደረቅ በለስ ዘር ማብቀል ይቻላል?

መልስ፦ ይበቅል ይሆናል፣ ግን እናቱን አይመስልም። ከዘር ከሚወጡት ግማሽ ያህሉ ወንዴ ሆነው ይቀራሉ። ይልቅ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲያርፍ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይቁረጡ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ወተቱ እስኪደርቅ ይተዉትና አንድ ወይም ሁለት አንጓ ከላይ አስቀርተው ይትከሉት። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ አይሁን። ሥር ሳያወጣ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ያኔ "ያዘ እንዴ?" ብለው እንዳይነቅሉት። አዲሱ ሥር ነጭና እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ሲነካ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ እንደ ጫካ ነው፣ ፍሬ ግን የለም።

መልስ፦ ማዳበሪያውን ያቁሙ። ናይትሮጅን ሲበዛበት በለስ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። በቀን ከስድስት ሰዓት በታች ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነም ምክንያቱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ በዕቃ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ሥሩ መጨነቁ ለፍሬ እንዲያውም ይረዳል። ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ የተበሳ ዕቃ ይፈልጉ። ቫዮሌት ደ ቦርዶ ለዚህ የተመቸ ነው። ውኃ አያስረሱት።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዥንጉርጉር ወጣበት።

መልስ፦ የበለስ ሞዛይክ ቫይረስ ይመስላል። መድኃኒት የለውም፣ ግን በደንብ የተያዘ ዛፍ ከነሕመሙ ያፈራል። ከእሱ ቅርንጫፍ ለሰው አይስጡ። ለማረጋገጥ የዕፅዋት ባለሙያ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፣ ደረቅ በለስ ልብላ?

መልስ፦ ደረቅ በለስ ስኳሩ የተከማቸ ነው። መጠኑን የሚወስንልዎ የሚከታተልዎ ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ "መጥቆሩን አይቼ ለቀምኩት። መስኮት ላይ አምስት ቀን አቆየሁት። ለሰለሰ እንጂ አልጣፈጠም።"

መልስ፦ በለስ ከተለቀመ በኋላ አይጣፍጥም። ያለው ስኳር ዛፉ ላይ የያዘው ብቻ ነው። ጥቁር በለስ ደግሞ በዚህ ያስቸኩላል፤ ከመብሰሉ ቀናት ቀድሞ ይጠቁራል። ፍሬው ለሳምንታት ባለበት ቆሞ ሳያድግ ይቆያል፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጥና ይቀየራል። ያኔ ቀለሙን ይተዉና አንገቱን ይዩ። ቀና ያለ ከሆነ አልደረሰም። ሲበስል አንገቱ ይልማል፣ ፍሬው ወደ መሬት ያዘቀዝቃል፣ ልጣጩ ስስ ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንዴም ዓይኑ ላይ አንዲት የማር ጠብታ ትንጠለጠላለች። በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት ሳይታገል ይለቃል። ከተቆረጠበት ወተት ከወጣ ቸኩለዋል፤ ቀጣዩን ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁት።