ሶሉ የጎበጠውን «የጤና ጫማ» ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትውዪ፣ ወገብሽን ማመም ከጀመረሽ ዓመት እንዳለፈው ጽፈሻል። ሶሉ ከሥር የጎበጠውን «የጤና ጫማ» ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። አትግዢ! እኔም እዚሁ ሐዋሳ አስተማሪ ነኝ፤ ቆሜ ነው የምውለው። የነበረብኝ ሕመም ቁርጥ ያንቺው ነው።

1. ብርሽን ያዢ። እኔን አንድ የግል ክሊኒክ ገና አረፍ ሳልል «ችግሩ ጫማሽ ነው» አለኝ። እግሬን ያየ የለም። አረማመዴን ያየ የለም። ሌሊት ያስተኛሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። እዚያው ከተደረደሩት ጫማዎች አንዱን አወረዱና ከወገብ ቀበቶ ጋር ሸጡልኝ። የወር ደመወዜን ግማሽ በላው። ጫማው እንደ ጀልባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። «ጡንቻሽን ያሠራልሻል» ነበር የተባልኩት። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስውልበት ወገቤ ጭራሽ ባሰበት። ኮብልስቶን ላይማ እግሬን ሊያዞረኝ ነበር። ልመልስ ስሄድ ደረሰኜን እንኳ ሳያዩ፣ ሰው ፊት፣ «አረማመድ አትችዪም» ብለው ሸኙኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የታመመ ሰው እንዲህ ይባላል?

2. መንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክሙበት) ክፍል ሂጂ። ወረፋው ያሰለቻል፤ ግን ጠብቂ። እኔን ያየኝ ባለሙያ ጫማዬን አስወልቆ አስሄደኝ። አጎንብሺ፣ ቀና በዪ አለኝ። የሁለት እግሬን ርዝመት ለካ። ከዚያ ስለዚያ ጫማ ስጠይቀው በትዕግሥት አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 115 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ገሚሱ ሶሉ የጎበጠውን፣ ገሚሱ ተራውን ጠፍጣፋ አደረጉ። የጎበጠው ከተራው አልበለጠም። እንዲያውም ሲቆሙና ሲሄዱ ለሚብስባቸው ሰዎች የተሻለው ጠፍጣፋው ነው። ያ ማለት እኔና አንቺ ነን! ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው ለወገብ ሕመም ይህን ጫማ አትስጡ ይላል። ቀበቶውንም፣ ልዩ የጫማ ውስጥ ሶሉንም እንዲሁ። ለእኔ ጫማውንም ቀበቶውንም ባንድ ቀን ነው የጫኑብኝ።

3. ታዲያ ምን ላድርግ ትያለሽ። ጠፍጣፋ፣ ተረከዝሽን ደህና አድርጎ የሚይዝ፣ ጣቶችሽን የማያጣብቅ ጫማ ይበቃሻል። ሐዋሳ ስለሚሞቅ ሱቅ ውስጥ ነጠላ ጫማ ታደርጊ ይሆናል። እሱ እንዳይወልቅ ጣትሽ ሲጨብጠው ስለሚውል እርምጃሽ ያጥራል። ታኮ ደግሞ ክብደትሽን ወደ እግርሽ ፊት ይገፋዋል፤ ለሠርግ ይሁን፣ ለሥራ ግን ተዪው። ልባሽ ስኒከር ከገዛሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከኋላ እዪው። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዢው። የራስሽም ሶል ባንድ በኩል ካለቀ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ አስቀይሪው። ስትገዢ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፤ እግር ማታ ማታ ያብጣል።

ደግሞ ጫማ ብቻውን አያድንሽም። እኔን ያሻለኝ በየቀኑ መሄዱና የተሰጠኝን እንቅስቃሴ ሳልሰለች መሥራቴ ነው። «ተኝተሽ ተጠንቀቂ» የሚሉሽን አትስሚ። መጀመሪያ ከሰፈሬ ከአቶቴ ወደ ሥራ የምሄደው በባጃጅ ነበር፤ አሁን በእግሬ ነው። ማታ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለዳር እሄዳለሁ፤ የሰፈሬ ሴቶችም ተከትለውኛል። የፈተና ሰሞን ቆሜ ውዬ እራት ሠርቼ አድራለሁ። ይኼን በራሴ ጥረት ነው ያመጣሁት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ ወይም እግርሽ ከከዳሽ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለም ቶሎ ተመርመሪ፤ ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል።

ሱቅ ውስጥ በርጩማ እንዲገባልሽ ጠይቂ። ደንበኛ ሲኖር ተነሺ፣ ሳይኖር ተቀመጪ። አሠሪሽ አይሆንም ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እኔ ለትምህርት ቤታችን ያስገባሁትን ማመልከቻ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ወንበር የተፈቀደልኝ በሱ ነው።