ሬቪቱ ተንቀራፈፈብኝ፤ ኮምፒውተር ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ የጂ+12 ሕንፃ በሬቪት (የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር) እየነደፍን ነው። ፋይሉ 600 ሜጋባይት አልፏል። ስሪዲውን ሳዞር ይንቀራፈፋል፤ ሲንክ ሳደርግ (ሥራዬን ከጋራው ፋይል ጋር ሳዋህድ) ድርግም ብሎ ይዘጋል። የቀያሹን የአውቶካድ ሥዕል እንዳለ ኢምፖርት አድርጌዋለሁ። አዲስ ኮምፒውተር ልግዛ?

መልስ፦ ብርሽን ያዢ! እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቀያሹን ፋይል ነው። የአዲስ አበባ ቅየሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ብቻ 990 ሺህ ሜትር ገደማ። ሬቪት ደግሞ ሥዕሉ ከውስጣዊ መነሻው (ከዜሮ ነጥቡ) ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ይቸገራል። መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ሀች (ቦታ መሙያው ጭረት) ይዘበራረቃል። ስለዚህ ኮፒ ያዢና ኢምፖርቱን አጥፊው። አውቶካዱን አጽድተሽ ሊንክ አድርጊው (ውስጥ ሳታስገቢ ከውጭ አያይዢው)፤ ፖዚሽኒንጉን ‹ሴንተር ቱ ሴንተር› (መሃል ለመሃል) በይው። ሕንፃሽ ላይ ካስተካከልሽው በኋላ ‹አኳየር ኮኦርዲኔትስ› ስትይ ትክክለኛውን ኮኦርዲኔት ይወስዳል። ኢምፖርቱን ኤክስፕሎድ አድርገሽው (ወደ ተናጠል መስመር በትነሽው) ከነበረ ግን ጉድ ነው፤ የተበተነውን መስመር እየለቀምሽ ማጥፋት አለብሽ።

ለሲንኩ፣ ሁሉም ሥራውን ሲንክ አድርጎ ይውጣ። ሴንትራሉን (የጋራውን ዋና ፋይል) ‹ኦዲት› (ስህተት መፈተሻው) ላይ ምልክት አድርገሽ ክፈቺ። ‹ፐርጅ› አድርጊ (የማያስፈልገውን አጥፊ)፣ ‹ኮምፓክት› (መጠን መቀነሻውን) ብለሽ ሴቭ አድርጊ። ከዚያ ሁሉም አዲስ ሎካል (የየራሱን ቅጂ) ይክፈት፤ በአሮጌው የሚቀጥል ሰው አይጠፋምና ተቆጣጠሪ።

ከኢንተርኔት የወረደ የሶፋ ሞዴልም ካለ ፋይሉን ያከብዳልና አውጪው። ስፌቱ ሳይቀር የተሳለ ሶፋ ለፕላን ምን ይሠራል?

ይህ ሁሉ ካልበቃ ራም ጨምሪ። የኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ብዛት ብዙም አይጠቅምሽም፤ አብዛኛው የሬቪት ሥራ በአንድ ኮር ነው የሚሄደው።