እንገር በካፕሱል ወይስ ከላሟ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ስለሚይዘኝ እህቴ ከጅዳ የላም እንገር በካፕሱል ላከችልኝ። 60 ፍሬ ነው፤ አንዱ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ይላል። በዚሁ ሰሞን ላማችን ወልዳለች። የቤቱ አይሻልም? የ4 ወር ልጄንስ ላቅምሰው?

መልስ፦ ልጁን አያቅምሱት፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። የእሱ እንገር በተወለደ ሰሞን ከጡትዎ የወጣው ቢጫው ወተት ነበር።

በላም እንገር ውስጥ የበዛው አይጂጂ የሚባል የበሽታ መከላከያ ፕሮቲን ነው። ጥጃ ይህን በማህፀን ሳለ ከእናቱ አያገኝም፤ ስለዚህ አንጀቱ ከተወለደ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ፕሮቲኑን እንዳለ ወደ ደም ያሳልፋል። የአዋቂ ሰው ሆድ ግን እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ይፈጨዋል። ቢሠራም እዚያው አንጀት ውስጥ ነው። በስፖርተኞች ላይ በተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ጉንፋን በመጠኑ ቀንሷል፤ እነሱ የወሰዱት ግን ባብዛኛው በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም፣ ለሳምንታት ነው። የእርስዎ 2 ካፕሱል 1 ግራም ናት። 20 ግራም ለመሙላት በቀን 40 መዋጥ ሊኖርብዎ ነው፤ ብልቃጡ ሁለት ቀን አይደርስም። የወተት አለርጂ ከሌለብዎ አይጎዳዎትም፤ ሌላ እንድትገዛ ግን እህትዎን አያስቸግሯት።

የቤቱን ጥሬውን አይጠጡ። ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተትም በእንገርም ይተላለፋሉ። ሲሞቅ እንደ አይብ የሚረጋው ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ነው፤ የሚረጋውም ገና ሳይፈላ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ረግቷል» ብሎ ከእሳት ያወጣዋል። በዝግታ እሳት እያማሰሉ ሁሉም በደንብ እስኪንተከተክ ይጠብቁ። መከላከያው በሙቀቱ ይጠፋል፤ ፕሮቲኑና ቅባቱ ግን ስለሚቀር ጥሩ ምግብ ነው። ላሟ በቅርቡ የጡት በሽታ መድኃኒት ተወግታ ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠው ቀን ሳያልፍ አይብሉት።

ከሁሉ በፊት ጥጃው ይጥባ፤ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ፣ 20 ኪሎ ከሆነ 2 ሊትር ያህል። የተረፈው የቤተሰቡ ነው።

ቀድሞ ጥሬ ወተት ይጠጡ ከነበረና የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይህንኑ ይንገሯቸው። ብሩሴሎሲስን ከወባና ከታይፎይድ ለመለየት የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ቢያንስ 6 ሳምንት ይወሰዳል።