ከዋና ከተማ ውጭ ፈጠራን ማገዝ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት በዕቅድ ክፍል ሠርቻለሁ። በምኖርበት አካባቢ አዳዲስ ፈጠራዎችና ጀማሪ ድርጅቶች እንዲበዙ ማገዝ እፈልጋለሁ። አንዳንዱ «ወደ ዋና ከተማ ሂጂ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው» ይለኛል። ሌላው «መጀመሪያ የራስሽን ስታርትአፕ ክፈቺ» ይላል። እኔ ደግሞ በፈጠራ ፖሊሲ ማስተርስ ልማር እያልኩ ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ ወደ ሦስቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአካባቢሽ ያሉ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች በዚህ ወር ምን ተበላሸባቸው? ካላወቅሽ አትፈሪ። በዚህ ሥራ ላይ ያለነው ብዙዎቻችንም አናውቅም።

ከዓመታት በፊት የአንድ ፈጠራ ውድድር ዳኛ ነበርኩ። አንድ ወጣት የውሃ ፓምፕ ሊበላሽ ሲል ከንዝረቱ አውቃ የምትጮህ ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጣ። አንደኛ ወጣ። ያ ትልቁ የካርቶን ቼክ ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወደየቤታችን ሄድን። በዓመቱ ልጠይቀው ብሄድ መሣሪያዋ በፌስታል ተጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። «ማን ገዛህ?» አልኩት። «ኧረ ማንም! ግን ሌላ ሁለት ውድድር አሸንፌአለሁ» አለኝ። ከቤቱ አሥር ደቂቃ በእግር ቢሄድ፣ ፓምፕ በተቃጠለ ቁጥር ሥራ የሚያቆም ፋብሪካ አለ። የጥገና ኃላፊው ስለ ልጁ ሰምቶ አያውቅም። ልጁም ስለ ኃላፊው።

አገናኘኋቸው። ወዲያው ተሸጠ እንዳልልሽ አልተሸጠም። ግዥ ክፍሉ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድና የጨረታ ማስከበሪያ ጠየቀ። ልጁ ድርጅቱን ካቋቋመ ገና ስምንት ወሩ ነው። ለምነን ለምነን በአንድ ፓምፕ ላይ ለሁለት ወር በነፃ እንዲሞከር ተፈቀደ። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ሌሊት መሣሪያዋ ያለ ምክንያት ጮኸች። ኃላፊው ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ፤ ፓምፑ ምንም አልሆነም። ነቅሎ ሊጥላት ምንም አልቀረውም። ለካ የፓምፑን ንዝረት ከጎኑ ካለው ማሽን ንዝረት መለየት አትችልም ነበር። ይህን ደግሞ የትኛውም የውድድር መድረክ ላይ ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም ዳኛ ሆኜ አልጠየቅኩትም።

አንቺ የምትመኚው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። የችግሩን ባለቤትና የመፍትሔውን ባለቤት ማወቅ፣ ከዚያ ደግሞ መሀል ላይ የቆመውን የግዥ ደንብ መግፋት። ለጀማሪ ድርጅት ከሽልማት ይልቅ የመጀመሪያው ደንበኛ ይበልጥበታል። ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ስህተቱን ይነግረዋል።

ወደ ዋና ከተማ ሂጂ ላሉሽ ሰዎች የአይንድሆቨንን ታሪክ ንገሪያቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያለች ዋና ከተማ ያልሆነች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቱ ፊሊፕስና ኤኤስኤም ኢንተርናሽናል ተጣምረው ቺፕ (የኮምፒውተርና የስልክ አንጎል የሆነውን ጥቃቅን ዕቃ) የሚያትሙ ማሽኖች የሚሠራውን ኤኤስኤምኤልን ሲመሠርቱ፣ ሠራተኞቹ ሥራ የጀመሩት ከፊሊፕስ አጠገብ በነበሩ ጊዜያዊ ቤቶች ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ ከተማዋ ክፉ ቀን አየች። የጭነት መኪና አምራቹ ዳፍ በ1993 ከሰረ፤ ፊሊፕስም ብዙ ሠራተኛ ቀንሶ በኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ አምስተርዳም ወሰደ። ስም ያለው ድርጅት ሲሄድ ግን ረቂቅ የማሽን ሥራና ኦፕቲክስ (የብርሃንና የሌንስ ሥራ) የሚያውቁ እጆች አብረው አልጠፉም። ማዘጋጃ ቤቶች፣ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ የዓለም እጅግ የረቀቁ ቺፖች የሚታተሙባቸውን ማሽኖች የሚሠራው ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው፤ መቀመጫውም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ «እኛ አካባቢ ምን የለም?» እያልሽ አትቁጠሪ። ሰዉ ከሌላው አሻሽሎ የሚሠራውን ፈልጊ።

የሕጉንም ነገር አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስምንት ባለሙያዎች አሠሪያቸውን ትተው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌርቻይልድ የሚባል ቺፕ ሠሪ ድርጅት መሠረቱ። ከእሱ ደግሞ የወጡ ሰዎች በ1968 ሌላውን ቺፕ ሠሪ ኢንቴልን ከፈቱ። ሠራተኛ ለቅቆ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ የሚያስር ውል በዚያ ግዛት ከ1872 ጀምሮ ዋጋ የለውም። ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው አልልም፤ የመንግሥት መከላከያ ግዥና የዩኒቨርሲቲዎቹ ድርሻም ትልቅ ነበር። ቢሆንም ዕውቀት ከሰው ጋር እንዲዞር የሚፈቅድ ደንብ ከቴክኖሎጂ ፓርክ ሕንፃ በጣም ይረክሳል። ችግሩ ደንብ ሪባን አይቆረጥለትም።

አሁን ወደ አንቺ። የራስሽን ስታርትአፕ ካልከፈትሽ ሌላውን ማገዝ አትችይም የሚለው ለእኔ አይገባኝም። አንድ ነገር ለማያውቁሽ ሰዎች መሸጥ ግን መልመድ አለብሽ፤ ትንሽም ቢሆን። በኔ ግምት የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት መካከለኛ አምራች ድርጅት ውስጥ፣ ግዥ ወይም ጥራት ቁጥጥር ክፍል ብትገቢ ይሻልሻል። ማን ከማን እንደሚገዛና ለምን እንደሚጣሉ የምታይው እዚያ ነው። ለአነስተኛ ድርጅቶች ብድር የሚሰጥ የባንክ ክፍልም መጥፎ አይደለም፤ የሰውን ሒሳብ መዝገብ ማንበብ ያስለምድሻል።

ኢንኩቤተር (ጀማሪ ድርጅቶችን እየደገፈ የሚያሳድግ ማዕከል) ውስጥ ሥራ ካገኘሽ ቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ። «ከእናንተ ጋር ካለፉት ስንቶቹ ያለ ድጎማ እየሸጡ ነው?» በይ። ቁጥሩ ሳይሆን «ይህን ያህል ሰው አሠልጥነናል» የሚል መልስ ከመጣ ጠርጥሪ። ደሞዝሽ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈልም ጠይቂ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም የሚያልቅበት ቦታ ብዙ ነው። ሲቪሽ ላይ ደግሞ «አምስት ሥልጠና አስተባብሬአለሁ» ከማለት፣ ያገናኘሻቸው ሰዎች ምን እንደተገበያዩ ጻፊ።

እስከዚያው አሁን ካለሽበት የዕቅድ ክፍል ሳትለቅቂ በሳምንት ሁለት ድርጅት ጎብኚ። ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን የጥገና ኃላፊውን አነጋግሪ። «ባለፈው ወር ሥራ ያስቆመባችሁ ምንድን ነው?» በይና ዝም ብለሽ ጻፊ። ሠላሳኛው ድርጅት ላይ ስትደርሺ ደብተርሽ ውስጥ ተደጋግሞ የመጣ ነገር ታገኛለሽ።

ማስተርሱን ከዚያ በኋላ ብትማሪው ይሻላል፤ የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ። የማመልከቻው ቀን ግን እንዳያልፍብሽ። ተቀባይነት አግኝቶ መግባቱን ለአንድ ዓመት ማስተላለፍ የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ፣ ከማመልከትሽ በፊት ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ጠይቂ።