ስለ ስክረብ ታይፈስ ክትባት፦ ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ላይ ቡና እየጠጣን ስለ ስክረብ ታይፈስ አንስቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ክትባት ስላልተገኘለት የትኩሳት በሽታ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጥያቄ ተጨናንቋል። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ የኛው ተስቦ አይደለም እንዴ?

ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ተስቦን የሚያስተላልፈው የሰውነት ቅማል ነው። ይሄኛውን የምታመጣው ግን ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖር፣ ከአንድ ሚሊሜትር የምታንስ የመዥገር ዘመድ ናት፤ ያውም እጯ ብቻ። ባክቴሪያው ኦሪየንሺያ ጹጹጋሙሺ ይባላል። «ጹ» ያለን እኛ ስሙን ለመጥራት አንቸገርም፤ ፈረንጆቹ ናቸው የሚሰቃዩት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ መቀመጥ እንተው?

ኧረ ተቀመጡ! በሽታው በዋናነት የሚታየው ከፓኪስታን እስከ ጃፓን፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባለው ምድር ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በሰዎች ደም ውስጥ ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ግን እውነት ነው። ስለዚህ ዓይናችንን ጨፍነን «እኛን አይመለከተንም» አንልም።

ጥያቄ፦ (ከአንዲት የነርስ ተማሪ) አንዴ የታመመ ሰው ደግሞ ይይዘዋል?

እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነክተሻል። ተስቦ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ዘመን ይጠበቃል። በስክረብ ታይፈስ ግን ሰውነት ቶሎ ይረሳል። በያዘህ ዝርያ ላይ ያለው መከላከያ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ ዝርያ ከመጣ ግን ጥበቃው የጥቂት ወራት ነው። ዝርያዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፦ ካርፕ፣ ጊሊያም፣ ካቶ እያለ ይቀጥላል። እንግዲህ አስቢው፤ በሽታው ራሱ ሰውነትን በቅጡ ሳያስተምር፣ ክትባቱ ከበሽታው የተሻለ አስተማሪ እንዲሆን ነው የምንጠይቀው።

ጥያቄ፦ የኮቪድ ክትባት በአንድ ዓመት ደርሶ የለ? ይሄ ምን ያዘው?

ኮቪድ ላይ አንድ ግልጽ ዒላማ ነበረ፤ ያች እሾህ መሳይ ፕሮቲን። የዚህ ባክቴሪያ ዋና የገጽ ፕሮቲን ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዱን የለየ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን ያልፈዋል። በዚያ ላይ ባክቴሪያው የሚራባው ሴል ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ስለዚህ ቲ ሴል የሚባሉት ወታደሮችም መሰልጠን አለባቸው።

ሙከራው አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከአይጥ ሳንባ ክትባት አዘጋጅተው ነበር፤ አላዋጣም። በ1948 እ.ኤ.አ. ማላያ (ዛሬ የማሌዥያ አካል) ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት በሽታውን እንደሚያድን ታየ። መድኃኒት ሲገኝ የክትባቱ ጥድፊያ በረደ። እስከ ዛሬ ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ታማሚው ባብዛኛው የእስያ ገበሬ መሆኑም ገንዘቡን አርቆታል።

ጥያቄ፦ ዌል ፌሊክስ የሚባለውን የደም ምርመራ ተመርምሬ «ኦኤክስ ኬ» ፖዘቲቭ አሉኝ። ይሄው በሽታ ነው?

ወንድሜ፣ አትደንግጥ። ኦኤክስ 19 ለተስቦ፣ ኦኤክስ ኬ ለስክረብ ታይፈስ መባሉ ልክ ነው። ግን ኦኤክስ ኬ ግርሻ ትኩሳት በሚባለው ሌላ በሽታም ሊወጣ ይችላል። ምርመራው ራሱ ሻካራ ነው፤ በሱ ብቻ ስም አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለትምህርት ሰሜን ታይላንድ ሊሄድ ነው። ክትባት ከሌለ ምን ያድርግ?

ገጠር ሲወጣ ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ጫፉንም ካልሲው ውስጥ ይክተት። የተባይ መከላከያ ቅባትም ይያዝ። ትኩሳት ከያዘው ብብቱንና ብሽሽቱን ይፈትሽ፤ በሲጋራ የተተኮሰች የምትመስል ጥቁር ቅርፊት ካገኘ ፈጥኖ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዶክሲሳይክሊን በጊዜ ከተጀመረ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል። እዚህ ከተመለሰ በኋላ ቢያመው ደግሞ ከየት እንደመጣ ለሐኪሙ ይናገር። አለዚያ እንደ ልማዳችን ሴፍትሪያክሶን ወግተው ይልኩታል፤ እሱ ደግሞ እዚህ ባክቴሪያ ላይ አይሠራም።